የአህያዋ ጸበል

ተረት ተረት፤ ምንጭ በደረቀበት ዓመት።

አንዲት አህያ ነበረች አሉ። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳትንበረከክ የማታልፍ፣ ረቡዕና ዓርብ ሣር እንኳ ከቀትር በፊት የማትነካ ነበረች። አንድ ቀን ከሩቅ ተራራ ጸበል በቅል ቀድታ፣ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስትመለስ፣ ሚዳቋን ከደረቀ ግራር ሥር ከግልገሏ ጋር አገኘቻት። ግልገሉ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል።

«እትዬ አህያ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣» አለች ሚዳቋ። «ልጄ በውሃ ጥም ሊሞትብኝ ነው። አንድ ጉንጭ ብቻ ስጭልኝ።»

«ውይ የኔ እናት፣ ምን ከፋኝ! ግን ዛሬ ምን ቀምሷል?»

«ማለዳ ጡቴ ላይ የቀረችውን ጠብቷል። አሁን እሷም ደርቃለች።»

«አየሽ! ጸበል እኮ በባዶ ሆድ ነው። ወተት ላይ ባጠጣው ለኔም ላንቺም ኃጢአት ነው። ምንም ሳታቀምሺው አሳድሪው፤ ነገ በጠዋት እኔው ራሴ መጥቼ አጠጣዋለሁ። እስከዚያ በጸሎቴ አስበዋለሁ።»

ቃሏንም አላጠፈችም። ስለ ግልገሉ ስትጸልይ አደረችና ጎህ ሲቀድ ቅሏን ይዛ እየሮጠች መጣች።

«እንዴት አደረ? ምንም አልቀመሰም አይደል?»

«ምንም፣» አለች ሚዳቋ፣ ከልጇ ፊት ላይ ዝንቡን እሽ እያለች።

አህያዋ አማትባ ቅሉን አዘነበለችለት። ውሃው ግልገሉ አፍ ውስጥ ገባና፣ ሳይዋጥ በጉንጩ ወርዶ አፈሩ ውስጥ ሰመጠ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በውሃ አርሱ።