ከጉድጓዱ በላይ ያለው የጎመን መደብ

ያጠፋሁት እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ ሌላ ሰው ሲወቀስልኝ ለምን ዝም አልኩ? ይህ ጥያቄ ረውዳን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተከትሏታል።

ግንብ በከበባት በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸህ ሱሩር የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ለመስጊዱ ወቅፍ ተብሎ በስጦታ የተተወው የጎመን መደብ በአደራ የተሰጠው ለእሳቸው ነው። መደቡ በመስጊዱ ቁርኣን የሚማሩትን ደረሳዎች ይቀልባል። ከሥሩ ደግሞ ሰፈሩ የሚጠጣው፣ ሰጋጁም ከሶላት በፊት ታጥቦ ውዱእ የሚያደርግበት ጉድጓድ አለ። ከመደቡ ታጥቦ የሚወርድ ነገር ሁሉ ማረፊያው እዚያ ነው።

አንድ ዓመት አረም በረታ። የመስጊዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሐጂ በድሩ የአረም መርዝ አስመጣ። ሸኹ እምቢ አሉ። የሽንኩርት ቅርፊት፣ የድንች ልጣጭና የባቄላ ገለባ ከየቤቱ አስለቅመው ይከምራሉ፤ ክምሩ ተብላልቶ፣ ሙቀቱ ውስጡ ያለውን ፍሬ ሁሉ እስኪገድል ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በጎመኑ መካከል ወፈር አድርገው ያለብሱታል። ብርሃን ያጣ አረም ቀና አይልም። ኮሚቴው እስከ ዒድ ዋዜማ ጊዜ ሰጣቸው። ካልሆነ መርዙ ይረጫል።

ልጣጩን የምትለቅመው ጎረቤታቸው ረውዳ ነበረች፤ ከሰው ይልቅ ከኪታብ ጋር መዋል የምትወድ፣ የሃያ ዓመት ዓይነ አፋር። ረመዷን ሲገባ ከየማፍጠሪያው የሚወጣው ተረፈ ምግብ በዛባት። ክምሩን መጠበቅ ሰለቻትና የሐብሐቡን ልጣጭ ከነፍሬው ወስዳ መደቡ ላይ በተነችው። ዋዜማው ሲደርስ አረሙ ጠፍቷል፤ የሐብሐብ ቡቃያ ግን እንደ ጉድ ፈልቷል።

"አባባ፣ ሳይመጡ እንንቀለው። ማንም አያይም" አለች።

"ማንም?" አሉ ሸኹ። "ተይው ልጄ።"

የኮሚቴው ሰዎች መጡ።

"ሸህዬ፣ አረም ያጠፋሉ ስንል እርሻ ከፈቱ እንዴ?" አለ አንዱ።

"ምን ቸገረን፣ የከርሞ ማፍጠሪያ ተገኘ" አለ ሌላው፤ ተሳሳቁ።

ሸኹ አልሳቁም፤ ዓይናቸውንም አልሰበሩም። "ሳይብላላ የለበሰ ልጣጭ ነው። አደራው የእኔ ነበር፤ ሳላጣራ ቀረሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። በእጄ እነቅለዋለሁ።"

ረውዳ አጥሩ ሥር ቆማለች። ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ከአጥሩ ጀርባ ተሸሸገች።

"እንግዲህ ጥፋትዎን ካመኑ እንረጫለን" አለ ሐጂ በድሩ።

"ስህተቴን አመንኩ እንጂ መርዙን አልተቀበልኩም።" የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን አንስተው ዘረጉለት። "በድሩ፣ ፋቲሓን ቃል በቃል ያስቀራሁህ እኔ ነኝ። በል ርጭ። ዝናቡ ሲያጥበው ግን ከጉድጓዱ ቅዳና እዚሁ ፊቴ ቆመህ አፍህን ተጉመጥመጥ። የተረፈውን ለልጆችህ ውሰድላቸው።"

ሐጂው ማንቆርቆሪያውን ሳይቀበል ሰዎቹን ይዞ ወጣ። መርዙ በማግስቱ ወደ መጣበት ተመለሰ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ረውዳ እያለቀሰች ቀረበች። "ለምን እሷ ናት አላሉም?"

"አደራው የእኔ ስለሆነ ጥፋቱም የእኔ ነው። ጥፋቴ አንገቴን ያስደፋኛል" አሏት፤ "ሐቄን ግን አያስጥለኝም።"

ብዙ ሰው አንዲት ስህተት ሲገኝበት የያዘውን እውነት አብሮ ይጥላል። ሌላው እውነቱ እንዳይጣልበት ስህተቱን ይቀብራል። ሸኹ ሁለቱንም እምቢ አሉ። ሐቅ የሚቆመው ምንም ባላጠፋ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከአደም ልጆች ማን ያቆመው ነበር?

ሸህ ሱሩር ወደ አኺራ ከሄዱ ሦስት ዓመት ሆናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ዘንድሮ አረሙ ተመልሷል። አዲሱ ኮሚቴም መርዝ ለማስመጣት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጀመዓውን ሰብስቧል። ረውዳ የሸኹን ማንቆርቆሪያ ከልጃቸው ተውሳለች። ከሴቶቹ ረድፍ ተነስታ መጀመሪያ "ያን ጊዜ ሐብሐቡን የበተንኩት እኔ ነኝ" ትላለች። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ለአዲሱ ሰብሳቢ ትዘረጋለታለች።