ናፍጣ የጫነው የፀሐይ ጀልባ

በጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዷ አንድ ጀልባ ነጂ ነበር፤ ዕድሜውን በናፍጣ ሞተር ሰው ሲያሻግር የኖረ ነው። ናፍጣን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። አንድ ቀን ሐይቁ መካከል አለቀበት። ነፋሱ ሲያንገላታቸው፣ ተሳፋሪው ስለት ሲሳል ውሎ በስንት መከራ ዳር ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሦስት ትልልቅ ጀሪካን መጠባበቂያ ሳይጭን ተነሥቶ አያውቅም።

ኋላ እግዜር ጎበኛቸውና ደሴቲቱ በፀሐይ ኃይል የሚሄድ ጀልባ አገኘች። ሶላሩ ዳር ላይ ተተከለ፤ ባትሪው እዚያው ይሞላል፤ ጢስ የለ፣ ጩኸት የለ። ሰውዬው ደስ አለው። ደስ አለውና ምን አደረገ? ሦስቱን ጀሪካን ናፍጣ ጫነበት!

ሳቃችሁ አይደል? ደሴተኛውም ስቋል። "አንተ ሰው፣ ይኼ እኮ ናፍጣ አይጠጣም!" ይሉታል።

"ይኑር፣ ምን ይበላብኛል?" ይላል እሱ።

አንድ ጠዋት ልጁ ፈንታነሽ ምጥ ጠናባት። የመጀመሪያዋ ነው፤ ሕፃኑ እምቢ አለ፤ ጤና ጣቢያው ያለው ማዶ ነው። በቃሬዛ አወረዷት። ቃሬዛው የሚያርፈው ከጀልባው መሐል ነው፤ መሐል ላይ ግን ምን አለ? ጀሪካኖቹ!

አባትየው ወደ ጎን ገፋቸው፤ አልበቃም። ደራረባቸው፤ አልሆነም።

"ምን ትጠብቃለህ፣ አውርዳቸው እንጂ!" ብለው ጮኹበት አዋላጇ እማማ ዘርትሁን።

"መሐል ላይ ብንቀርስ?"

ይኼን ጊዜ ፈንታነሽ ከቃሬዛው ቀና አለች። "አባዬ፣ ብንቀርስ ናፍጣው ምን ያደርግልናል? የሚጠጣው ሞተር የታል?"

ሰውዬው ልጁን አየ፤ ጀሪካኖቹን አየ። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሣ ዳር ላይ አስቀመጣቸው።

ቃሬዛው ገባ። ጀልባው ያለ ኮሽታ ተነሣ። ድሮ ናፍጣው ካለቀበት ቦታ ሲደርሱ አባትየው ትንፋሹን ዋጠ፤ ጀልባው ግን ምንም ሳይል አለፈ። ማዶ ደረሱ፤ ከሰዓት በኋላ ፈንታነሽ በሰላም ተገላገለች። አባቷ ከጤና ጣቢያው ደጅ ቁጭ ብሎ፣ እፎይ እያለ አለቀሰ። "ለካ እስከ ዛሬ ናፍጣ የጫንሁት በልጄ ቦታ ላይ ኖሯል!" አለ።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? እግዚአብሔር ጀልባችሁን አልለወጠላችሁም? ኃጢአታችሁን ይቅር አላለላችሁም? ታዲያ የድሮውን ፍርሃት፣ የድሮውን ቂም ለምን ትጭናላችሁ? "ይኑር፣ ምን ይበላብኛል?" ትላላችሁ። ቦታ ይበላባችኋል! ሚስትህ የምትቀመጥበትን ቦታ ይበላል። ያኮረፈሽ ወንድምሽ ተመልሶ የሚያርፍበትን ቦታ ይበላል።

አትፍሩ አላልኋችሁም፤ ሐይቁ ሐይቅ ነው። ግን የሚያሻግራችሁ ያ ጀሪካን አይደለም። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ደጁ ላይ አውርዱት። እፎይ በሉ። ከዚያ በለቀቀው ቦታ ሰው አስቀምጡበት።