ደን የዋጠች ፍየል

የቀበሌያችን ሊቀመንበር አቶ ጥጋቡ ፌስቡክ ላይ ሲሟገቱ አውራ ጣታቸው አልቆ በሌባ ጣታቸው መጻፍ ጀምረው ነበር። «ተከልን ያላችሁት አምስት ሺህ ችግኝ የት አለ?» ያላቸውን ሁሉ «የልማት ጠላት! ወሬኛ!» እያሉ ሲሰድቡ ከረሙ። በመጨረሻም «ደናችን ወገብ ደርሷል! ስለት ያነሳበት ይታሰራል!» ብለው ለጠፉ። ኔትወርክ ያለው የቀበሌው ሰው ሁሉ ላይክ አደረገላቸው፤ ሦስታችንም።

የዞን ሹማምንት ይህን አንብበው «ሐሙስ መጥተን ደኑን እናያለን» አሉ። ጉድ ፈላ! ችግኝ ተተከለበት በተባለው ኮረብታ ላይ ከሊቀመንበሩ ጃንጥላ በቀር አረንጓዴ ነገር ታይቶ አያውቅም።

አቶ ጥጋቡ መላ አላጡም። አንድ ድሃ ገበሬ ያለችውን አንዲት ፍየል አስይዘው፣ ባለቤቱን ስብሰባ ፊት አቆሙት።

«ችግኙን ሙልጭ አድርጋ የበላችው ያንተ ፍየል ናት። ፈርም! እሷም ሐሙስ ለእንግዶቹ ትታረዳለች።»

«አምስት ሺውንም እሷ በላችው ጌታዬ?»

«አንድም አላስቀረች!»

«ሆዷ የተባረከ ነው» አለና ገበሬው አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ፈረመ። ከዚያ ወደ ስብሰባው ዞረ።

«እንግዲህ ወገኖቼ፣ ደናችን ያለው እዚች ፍየል ሆድ ውስጥ ነው። ደኑ ላይ ስለት ያነሳ ይታሰራል ብለው የጻፉት ደግሞ ጌታዬ ራሳቸው ናቸው። ለመሆኑ ሐሙስ ቢላዋውን የሚይዘው ማነው?»

ሐሙስ ዕለት እንግዶቹ ሽሮ በልተው ተመለሱ።