የዙቤር ብርካና የማንቆርቆሪያው ምክር

የነቃ ይስማኝ፤ እንቅልፍ የያዘው ቤቱ ይግባ። እኔ ለማንም ብዬ ሁለት ጊዜ አላወራም።

ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በቆላ አገር ዙቤር የሚባል ሰው ከአሮጊት እናቱ ከሩቂያና ከአንዲት አህያ ጋር ይኖር ነበር። ወንዙ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ስለዚህ የሚጠጡት ከብርካ፣ ማለትም የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነበር። ያ ውሃ እስከሚቀጥለው ዝናብ ካላደረሳቸው አለቀላቸው።

ዙቤር ለሰላት ውዱእ ሲያደርግ፣ ማለትም ከስግደት በፊት ሲታጠብ፣ ማንቆርቆሪያው፣ "ጨምር ጌታዬ! ለሰላት የፈሰሰ ውሃ ባከነ ይባላል እንዴ? ወላሂ፣ ሁሉም አላህ የሚከፍልህ አጅር ነው!" አለው። ዙቤርም አንድ ማንቆርቆሪያ የሚበቃውን በአምስት ታጠበ።

ብርካው፣ "ዙቤር ልጄ፣ ውዱእም ልክ አለው። አላህ ማባከንን አይወድም" አለ።

"ሞልተህ የለም እንዴ? ምን ያነጫንጭሃል!"

ሌላ ቀን ማንቆርቆሪያው፣ "አህያህ አቧራ ለብሳ ገበያ ስትወጣ አታፍርም? እጠባት" አለው። አህያዋ፣ "ኧረ ተወኝ፣ የምጠጣው ይሻለኛል" ብትልም ማን ሰምቷት! ታጠበች።

ብርካው፣ "ዙቤር ልጄ፣ ግማሽ ሆንኩ" አለ።

"ግማሽም ውሃ ነው!"

በሦስተኛው ጊዜ ማንቆርቆሪያው፣ "የእንግዳ ቤትህን ግድግዳ እንደገና ምረገው፣ ጎረቤት ይይልህ" አለ። ጭቃው ሲቦካ ሰነበተ። ጎረቤት አየ፣ አደነቀ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

ብርካው፣ "ዙቤር ልጄ፣ ወለሌ ታየ" አለ።

ያን ጊዜ ዙቤር ደነገጠ። ደንግጦ ልክ ያዘ መሰላችሁ? የት አባቱ! የብርካውን አፍ በድንጋይ ዘጋና ለአህያዋ ጠብታ ውሃ ከለከላት።

"ጌታዬ፣ ትንሽ አጠጣኝ። እኔ ከወደቅሁ ከወንዙ ውሃ ማን ይጭንልሃል?" አለችው።

"ለአህያ የሚሆን ውሃ የለኝም!" አላት። በሦስተኛው ቀን ወደቀች፤ አልተነሳችም።

ዝናቡ ዘገየ፤ ብርካው ደረቀ። የሩቂያ ከንፈር ሲሰነጣጠቅ ዙቤር አንድ ቅል ይዞ በእግሩ ወደ ወንዙ ሄደ። ቀድቶ ሲመለስ ግን ፀሐዩ በረታበት፤ አንድ ጉንጭ፣ ሌላ ጉንጭ እያለ ቅሉን ራሱ ጨረሰው። ቤቱ ሲደርስ እናቱ ሞታለች።

የሰፈሩ ሴቶች ጀናዛዋን ሊያጥቡ መጥተው፣ "ውሃው የታለ?" አሉት። ባዶውን ቅል አሳያቸው። የእነሱም ብርካ ደርቋል። በውሃ ፈንታ እጃቸውን ደረቅ አፈር ላይ መታ አድርገው ፊቷንና እጆቿን አበሱላት፤ በነጭ ጨርቅ ከፍነውም ለቀብር ሰጧት። ጀናዛ ማጠብ የለመዱት ሴቶች ራሳቸው አለቀሱ።

ዙቤር ከቀብር ተመልሶ ማንቆርቆሪያውን አንቆ ያዘው። "አንተ ነህ የጨረስከኝ! ያን ሁሉ ውሃ አስደፋኸኝ!" አለው።

"እኔ አፍ እንጂ እጅ የለኝም ጌታዬ" አለ ማንቆርቆሪያው። "የደፋኸው አንተ ነህ።"

እጁን ያለልክ የዘረጋም፣ ያለልክ የጨበጠም፣ የሚቀብረው የራሱን ሰው ነው።