ውሃ ስለሚገባባት ጀልባ እመቤታችን ያደረገችው ተአምር

የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ወዳጆች ሆይ፥ ጆሯችሁን ወደዚህ አቅኑ፤ በጣና ባሕር ላይ ለሚወዳት ጀልባ ነጂ ያደረገችውን እንነግራችኋለን፤ የሰማ ይመን፥ ያመነም ደስ ይበለው።

በባሕሩ ዳር አንሙት የሚባል ሰው ነበረ፤ ሥራውም ተሳላሚዎችን በሞተር ጀልባ ወደ ማርያም ደሴት ማመላለስ ነበር። ይህም ሰው እመቤታችንን አብዝቶ ይወድ ነበርና ውዳሴዋን ሳይደግም ሞተሩን ላያስነሣ ቃል ገብቶ ነበር፤ ተሳፋሪ ቢቸኩል፥ ሌሎቹ ጀልባ ነጂዎች ቀድመውት ቢሄዱ ግድ የለውም። እነርሱም «አንሙት ዛሬም ከእመቤቱ ጋር ጨዋታ ይዟል» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እሱም አብሯቸው ይስቅና ጸሎቱን ይጨርስ ነበር። ደግሞም እምነት የሚባለውን፥ ከቤተ መቅደሱ የሚገኘውን የተባረከ አመድ፥ በቆርቆሮ ሞልቶ ከሞተሩ አጠገብ ያኖር ነበር፤ ራሱን ቢያመው ግንባሩን፥ ወገቡን ቢያመው ወገቡን ይቀባበት ነበር።

ነገር ግን ይህ ደግ ሰው አንድ ስሕተት ተሳሳተ፤ ስሕተቱም ከደግነቱ የመጣ ነው። ተሳላሚዎች ከደሴቲቱ ሲመለሱ በጀሪካን ጠበል ሞልተው ይዘው ይመጣሉ፤ ማዕበሉም ሲንጣቸው ከጠበሉ ጥቂት ይፈስሳል። ከዕለታት አንድ ቀን አንሙት የጀልባዋን የወለል ጣውላ ቢያነሣ ከሆዷ ውሃ ተጠራቅሞ አየና «ይህማ ጠበል ነው፤ ጠበል እንዴት እንደ እድፍ ይጣላል?» አለ። ከዚያም ውሃውን ወደ ውጭ የምትተፋውን ፓምፕ አጠፋት፤ ጣቱንም ነክሮ ፊቱን አማተበ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ውሃ ባገኘ ቁጥር በንጹሕ ጣሳ እየቀዳ ሰው ከማይረግጠው ቦታ ያፈስሰው ነበር፤ ውሃውም እየጨመረ በሄደ ጊዜ በረከት የበዛለት መሰለው። ወገኖቼ፥ አትሳቁበት፤ ከመካከላችን እንዲህ ያለ ነገር ያላደረገ ማን አለ?

በአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ጀልባዋ ተሳላሚ ሞልታ ወደ ደሴቲቱ ተነሣች፤ ከተሳፋሪዎቹም መካከል እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ መነኩሲት ነበሩ። እኒህ እናት ዓይናቸው ጠፍቶ ሳለ እመቤታችንን ተማጽነው ብርሃናቸው ተመልሶላቸው ነበርና፥ ጥጡን በገዛ እጃቸው ፈትለው፥ ፈትሉንም በሰም ነክረው ትልቅ የጧፍ እስር አዘጋጁ፤ ይህንንም ስእለታቸውን በሥዕሏ ፊት ሊያበሩ በጉያቸው ታቅፈው ይሄዱ ነበር።

ከባሕሩ መካከል በደረሱ ጊዜ ነፋስ ተነሣ፤ ጀልባዋም ወደ ኋላዋ ከበደችና ለመሪው እምቢ አለች። አንሙትም ጣውላውን ቢያነሣ ውሃው እስከ ሞተሩ ወገብ ደርሶ አገኘው፤ «አይዟችሁ፥ ጠበል ነው» ሊልም አፉን ከፈተ። ከዚያም ዘወር ብሎ ጀሪካኖቹን አየ፤ ሁሉም ባዶ ነበሩ፤ ተሳላሚዎቹ ገና ሊሞሉ መሄዳቸው ነበርና። በዚያች ቅጽበት ስንት ጊዜ የባሕር ውሃ ፊቱን ሲቀባ እንደኖረ ገባው፤ አፈረም፤ ከኀፍረቱ ይልቅ ግን አምነውት ለተሳፈሩት ነፍሳት ልቡ ራደ። ፓምፗን ለማስነሣት ቢሞክር ሥራ ከፈታች ብዙ ጊዜዋ ነበርና ዝጋ ተጣብቃ አልንቀሳቀስ አለች።

አንሙትም «እመቤቴ፥ በእኔ ሞኝነት እኒህን አታስቀጫቸው» አለ፤ ይህንም ባለ ጊዜ ልቡ ጸናለት። ሞተሩን አጥፍቶ «ሰዎች፥ የጀሪካኑን አፍ ቁረጡና ውሃውን ወደ ውጭ ቅዱ! አትነሡ፥ እየተቀመጣችሁ!» ብሎ አዘዘ፤ እነርሱም እየጸለዩ ይቀዱ ጀመር። እሱ ግን ጀልባዋ ቀድሞ ከድንጋይ ጋር ተላትማ ነበርና በፊተኛው በኩል የተሰነጠቀች መስሎት ግድግዳዋን በእጁ እየዳሰሰ ፈለገ፤ ምንም አላገኘም። ጀልባዋ በተናወጠች ቁጥር ውሃው አንድ ጊዜ ወደ ፊት፥ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይሮጥ ስለነበር ከየት እንደመጣ ማን ይወቅ? ተሳላሚዎቹ ቀድተው ቀድተው ወለሏ ሊታይ ጥቂት ሲቀረው እንደገና ይሞላ ጀመር።

እንደገናም በርትተው ቀድተው ወለሏ ብቅ ባለ ጊዜ አንሙት የእምነቱን ቆርቆሮ አነሣ። ለታመመ ሰው እምነት የሚቀባው በሚያመው ቦታ ነው፤ አንሙት ግን የጀልባዋን ሕመም ቦታ አላወቀምና «አንቺ ታውቂዋለሽ» አለና አመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጀልባዋ ሆድ ላይ በተነው። አመዱም በረጠበው ወለል ላይ ተጣብቆ ሁሉን አለበሰው። አንሙት አጎንብሶ ቢያይ ላብና ጥላ ጋርደውት ምንም አልታየውም።

እማሆይ ወለተ ሐና ግን ጀሪካናቸውን አስቀመጡና «ልጄ፥ ያ የሚሳበው ምንድን ነው?» አሉ።

«የቱ፥ እማሆይ?»

«ያውልህ፥ አመዱን እየቆረጠ የሚመጣው ጥቁር ክር! ከሞተሩ ኋላ ነው የተነሣው። አይታይህም እንዴ?»

አንሙትም ጣታቸውን ተከትሎ ቢያይ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ አመዱን እያጠበ፥ በላዩም ጥቁር መንገድ እያበጀ ሲፈስስ አየ። መንገዱንም ይዞ በደረቱ እየተሳበ ቢሄድ ከኋላ፥ ጀልባዋን የሚገፋውን መዘውር የሚያዞረው የብረት ዘንግ ጀልባዋን በስቶ ወደ ባሕር ከሚወጣበት ቀዳዳ ደረሰ። በዘንጉ ዙሪያ የሚጠመጠመውና ውሃ የሚከለክለው ገመድ አርጅቶ፥ ተበልቶ አልቆ ነበር፤ ሞተሩ ሲዞር በኃይል፥ ቆሞም ሳለ በቀስታ ባሕሩ በዚያ ይገባ ነበር። ጨለማ የነበሩት ዓይኖች ያንን ቀጭን ክር አዩ፤ ያበራቻቸው እመቤት ለዚያች ቀን አስባቸው ነበርና።

አንሙትም ሌላ ገመድ አልያዘም ነበር። ከዚያም ቀና ብሎ በእማሆይ ጉያ ያለውን ጧፍ አየ፤ የተፈተለ ጥጥ፥ ሰም የጠጣ። ለመጠየቅም ከበደው፤ ስእለት ነውና። ሆኖም ውሃው አይጠብቅም ነበርና «እማሆይ፥ ጧፉን ይስጡኝ» አላቸው።

እርሳቸውም እስሩን ወደ ደረታቸው አስጠጉና «ምን ነካህ ልጄ፥ ስእለት እኮ ነው! በፊቷ ሳላበራው ምን ብዬ እቆማለሁ?» አሉ።

«እናቴ፥ ቀዳዳውን ያሳየችን እሷ ናት፤ መድፈኛውንም ያስያዘችዎ እሷ ናት።»

እማሆይም ውሃውን አዩ፥ ሕዝቡንም አዩ፤ ከዚያም ጧፉን ስመው ሰጡት። አንሙት ገመዱን አጥብቆ የያዘውን ዳዶ በመፍቻ ባላላው ጊዜ ባሕሩ በኃይል ገባ፥ ሕዝቡም ጮኸ፤ እሱ ግን ስሟን እየጠራ አሮጌውን ገመድ ጎትቶ አወጣ፤ ጧፉንም እየገመደ በዘንጉ ዙሪያ ጠመጠመና ወደ ውስጥ ገፍቶ ዳዶውን መልሶ አጠበቀው። ከዚያም ሞተሩን አስነሣ፤ ሰሙ በዘንጉ ሙቀት ለሰለሰና ክፍተቱን ሁሉ ሞላው፤ ውሃውም ጠብ፥ ጠብ አለና ቆመ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ጀልባዋም ቀና ብላ ነፋሱን እየሰነጠቀች ሄደች።

ከደሴቲቱም በደኅና ደርሰው ሕዝቡ ሥዕሏ ወዳለበት ቤተ መቅደስ ሲገባ እማሆይ ወለተ ሐና ባዶ እጃቸውን ከበሩ ኋላ ቆሙ፤ ስእለታቸው ከባሕሩ ጋር ቀርቶ ነበርና አፈሩ። አንሙት ግን ለአገልጋዩ ቄስ ስሕተቱንም ተአምሩንም ሳይደብቅ ነገራቸው፤ ቄሱም ለሕዝቡ ተናገሩ። ያን ጊዜ በዚያች ጀልባ የመጣ ሁሉ፥ ታላቁም ታናሹም፥ የገዛ ጧፉን እያበራ በእማሆይ ስም በሥዕሏ ፊት አቆመ፤ አንሙትም እጃቸውን ይዞ አስገባቸው። እርሳቸውም ያንን ባዩ ጊዜ «እመቤቴ፥ እኔ ለሁለት ዓይኖቼ ነበር የተሳልሁት፤ ይህን ሁሉ ብርሃን በየትኛው ልየው?» ብለው በደስታ አለቀሱ።

አንሙትም እስከ ዕለተ ሞቱ ውዳሴዋን መድገም አልተወም፤ ከደገመ በኋላ ግን ጣውላውን አንሥቶ የጀልባዋን ሆድ ሳያይ ሞተሩን አያስነሣም ነበር።

ለአንሙት ቀዳዳውን የገለጠች እመቤት የእኛንም የተሰወረ ጉድለት ሳንሰጥም ታሳየን፤ የሚደፍነውንም ከወንድማችን እጅ ታስገኝልን። በውሃ ላይ ያሉትን ወደ ወደባቸው፥ ስእለት ያለባቸውን ወደ ደጇ ታድርስ፤ ልመናዋና በረከቷ ካነበበው፥ ከሰማውና በጸጥታ ካዳመጠው ሁሉ ጋር ይኑር፤ ለዘለዓለሙ አሜን።