ዘጠነኛ ፎቅ የማይደርሰው ውሃ

አቶ ድልነሳሁ ለአዲሱ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሆቴላቸው ፈቃድ ሊወስዱ ተቆጣጣሪ አስጠሩ። እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ውሃ የሚረጨውን መሣሪያ ምድር ቤት ላይ ቢከፍቱት አዳራሹን አጥለቀለቀው።

"እዚህማ ይረጫል" አለ ተቆጣጣሪው። "ለሆቴሉ ሁሉ ያለው ይሄ አንድ ፓምፕ ግን ትንሽ ነው፤ ውሃውን ላይ ድረስ የሚገፋ ጉልበት የለውም።"

አቶ ድልነሳሁ ተቆጡና ደረጃ የምትወለውለውን ሴት ጠሩ። እንጀራዋን የምትፈልግ ከሆነ ምን ማለት እንዳለባት በዓይናቸው ነገሯት።

"አንቺ እዚሁ ነው የምትውዪው። እስቲ ንገሪው፣ ይሄ ፓምፕ ምን ይጎድለዋል?"

"ኧረ ምንም አይጎድለው ጋሼ" አለች፣ መወልወያዋን ግድግዳ አስደግፋ። "እሳቱ ብቻ እንደ እርስዎ ትዕግሥተኛ ይሁን። ጠዋት ጠዋት የሚታጠቡበትን ውሃ በጄሪካን ተሸክሜ ዘጠነኛ ፎቅ ቢሮዎ እስክደርስ ቁጭ ብለው ይጠብቁኝ የለ?"