አህያ፣ ጅብ እና የሁለት ክልል ግብር

አንድ ጊዜ በአንድ ወንዝ የሚለያዩ ሁለት የእንስሳት ክልሎች ነበሩ፤ ከላይ ደጋ፣ ከታች ቆላ። ሁለቱንም የሚገዛው አንበሳ ነው፤ የግብራቸው መጠን ግን ለየቅል ነው። ደጋ ከአምስት ቁና እህል አንድ ያስከፍላል፣ ቆላ ከአራት አንድ። ቆላ ለምን በዛ ብትሉ፣ እዚያ ውኃ የሚገኘው ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነውና ለቁፋሮው ወጪ እንዲሆን ነዋሪዎቹ ራሳቸው መክረው የወሰኑት ነው።

በደጋ አንዲት አህያ ጥርሳቸው ካለቀ አሮጊት እናቷ ጋር ትኖር ነበር። በጋውን ሙሉ ቆላ እየወረደች የግመሎችን ጨው ታመላልሳለች፤ ደመወዟ ገብስ ነው። ግንቦት ሲያልቅ ጎተራዋ ውስጥ ሃያ ቁና ገባ። ለሁለት ነፍስ ክረምቱን ለመሻገር አሥራ ስድስት ቁና ይበቃል። እንግዲህ አራት ቁና ተረፈኝ ብላ ደስ አላት። ሀብታም የሆነች መሰላት፣ ምስኪን።

የደጋው ግብር ሰብሳቢ ጭቃ ሹም ደግሞ ጅብ ነበር። ጅብን ማን ሾመው አትበሉኝ። ሰብሳቢው ከሰበሰበው ላይ ከአሥር አንድ ለራሱ ያገኛል ሲባል ከሁሉም ቀድሞ እጁን ያወጣው እሱ ነው። ጅብ ከአህያ በር ላይ ቆሞ በትሕትና ሰላምታ ሲሰጥ ማየት ብርቅ ነው፤ ሹመት የማያደርገው የለም።

«ደህና አደርሽ ወይ፣ እመት አህያ?»

«እግዜር ይመስገን፣ አያ ጅቦ። ምነው በጠዋቱ?»

«ገብስሽን ቆጥሬ ልሂድ ብዬ ነው።»

ቆጠረ። አሥራ ሦስት ላይ ጠፋበትና እንደገና ጀመረ። በሦስተኛው ሃያ ደረሰ።

«ይህን ሁሉ የሠራሽው የት ነው?»

«ቆላ።»

«ማደሪያሽስ?»

«እዚሁ ደጋ ነዋ።»

«እንግዲያው የሁለቱም ዕዳ አለብሽ። ለቆላ አምስት፣ ለደጋ አራት፤ ዘጠኝ ቁና። የቆላውንም እኔው አደርስልሻለሁ፣ እንዳትደክሚ። ከነገ ወዲያ መጥቼ እወስዳለሁ» ብሎ ሄደ።

አህያ ወደ ጎተራዋ ዞራ አሰላች። ከሃያው ዘጠኝ ቢወጣ የሚቀረው አሥራ አንድ ነው። ነሐሴ ሳይጋመስ ጎተራው ባዶ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ወንዙ ሞልቷል፣ ሥራ የለም፣ አበዳሪም የለም። እናቷ ከውስጥ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። «ለእኔ አትጨነቂ ልጄ፤ እኔ ምን እበላለሁ ብለሽ ነው?» አሏት። ይህ ከጅብ ሂሳብ ይልቅ አንጀቷን በላው።

ቀበሮ እንደ ልማዷ ከቁጥቋጦው ጀርባ ነበረች። እዚያ ምን ትሠራ ነበር ብሎ የጠየቃት የለም።

«እመት አህያ፣ ይኼ እኮ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም» አለች እየቀረበች። «ለጅብ ቤቴን ወደ ቆላ አዛውሬአለሁ በዪው። ለቆላው ሹም ለጃርት ደግሞ እኔ የደጋ ነኝ በዪው። ለአንዱም አትከፍዪም። ምስክር ሆኜ የምቆምልሽ እኔ ነኝ። ለድካሜ ሦስት ቁና ብትሰጪኝ ይበቃኛል።»

አህያ በልቧ ቀነሰች። ከሃያው ሦስት ሲወጣ አሥራ ሰባት። ክረምቱን ያሻግራል። እውነቱን ለመናገር በጣም ጓጓች።

«ቢታወቅብኝስ?»

«ከታወቀማ ያለሽ ሁሉ ይወረሳል። ግን ማን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እኔማ ወዳጅሽ አይደለሁም እንዴ?» አለች ቀበሮ ጭራዋን እየጠቀለለች።

አህያ ቂል ናት ይላሉ፤ አትመኑ። ዘንድሮ ሦስት ቁና የጠየቀች አፍ ከርሞ ስድስት ብትል እምቢ ማለት እንደማይቻል ወዲያው ገባት። «አስቤ እነግርሻለሁ» ብላ ሸኘቻት። ከዚያ ወደ አንበሳ ለመሄድ ተነሣች።

«አንበሳ ዘንድ? ቢበላሽስ ልጄ?» አሉ እናቷ።

«ካልሄድኩም በነሐሴ ረሃቡ ይበላናል፣ እማ።»

አንበሳ ከዋርካው ሥር ሸንጎ ተቀምጦ ነበር። አህያ ከሩቅ ቆመች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ግብር አልከፍልም አላልኩም። መክፈል ያለብኝ ስንት እንደሆነ ነው የጠፋኝ።»

በዚያ አገር አንድ ጥሩ ልማድ ነበር፤ አዋጅ አልገባኝም ያለ ማንም ቢሆን፣ ትንሽም ትልቅም፣ አዋጅ ነጋሪው ከራሱ እስከ ጅራቱ ይደግምለታል። ችግሩ ጠያቂ መጥፋቱ ነው። አንበሳ አዋጅ ነጋሪውን ዝንጀሮን ጠቀሰው። ዝንጀሮም ድንጋይ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የደጋ ግብር ከአምስት አንድ፣ የቆላ ከአራት አንድ ነው። ማንም የሚገብረው ቤቱ ባለበት ክልል፣ በዚያው ክልል መጠን ነው፤ የትም ይሥራ የት ሁለቴ አይገብርም። የመጀመሪያው አሥር ቁና ለሆድ ነውና አይነካም። ግብር የሚቆረጠው ከአሥር በላይ ካለው ላይ ብቻ ነው። አሥር ያልሞላለት ምንም አይከፍልም።»

አህያ በሰኮናዋ መሬቱን እየጫረች አሰላች። ከሃያው አሥሩ አይነካም። ከቀረው አሥር፣ ከአምስት አንድ።

«ሁለት ቁና?» አለች ቀስ ብላ።

«ሁለት ቁና» አለ አንበሳ።

አህያ አንበሳ ፊት መሆኗን ረስታ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። እንባዋ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሳቋ መጣ። ጅብ ከመጣባት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሆዷ ድረስ ተነፈሰች።

ጅብ ተጠርቶ መጣ።

«አዋጁ ሲነገር አልነበርክም?» አለው አንበሳ።

«ነበርኩ እንጂ፣ ጌታዬ። ከአምስት አንድ፣ ከአራት አንድ እስከሚለው ድረስ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወንዝ ማዶ በሬ ሞቷል ሲሉ...»

ሸንጎው አጉረመረመ። አንዲት ፍየል ከኋላ ተነሣች። «ጌታዬ፣ እኔ ያለኝ አምስት ቁና ነበር። አንዱን ወስዶብኛል» አለች። ጦጣም ተነሣች፣ ሚዳቋም ተነሣች።

አንበሳ ጅብን ዝቅ ብሎ አየው። «አንተ ቤትህ የት ነው?»

«ደጋ፣ ጌታዬ።»

«በሬውን ያገኘኸው የት ነው?»

«ቆላ።»

«መልካም። እንግዲህ በራስህ ሂሳብ ከበሬው ለቆላ ሩቡን፣ ለደጋ አምስተኛውን ታመጣለህ።»

ጅብ ደነገጠ። «ኧረ ጌታዬ፣ ይኼማ ግፍ ነው! የእኔ ቤት ደጋ ነው፣ ለደጋ ብቻ ነው የምገብረው። ደግሞ የመጀመሪያው ለሆድ ነው፣ አይነካም!»

«አየህ፣ አዋጁን ጥሩ አድርገህ ታውቀዋለህ» አለ አንበሳ።

ሸንጎው ሳቅ በሳቅ ሆነ። ጅብም ሹመቱ ተነጠቀ፤ ያለ አግባብ የወሰደውን እህል በገዛ ጀርባው ተሸክሞ ቤት ለቤት እንዲመልስ ተፈረደበት። ከፍየሏ ደጅ ሲደርስ እሷ ቁናዋን ይዛ ወጣች፤ ልክ መሆኑን ሰፍራ ነው የተቀበለችው።

አህያም ሁለት ቁናዋን ራሷ ወስዳ አስረከበች፤ ያን ቀን የተሸከመችው ጭነት አልከበዳትም። ቤቷ ገብታ «አሥራ ስምንት ቀረልን፣ እማ» አለች። እናቷም «ተመስገን» ብለው የያዙትን ጉርሻ በድዳቸው በእርጋታ አላመጡ። ውጭ የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ሁለቱም አልፈሩትም።

ከዚህ የምንማረው ማን፣ የትና ከምን ላይ እንደሚገብር ሳያውቁ መፍራትም መደበቅም ከግብሩ የበለጠ እንደሚያስከፍል፣ ሕጉን እስከ መጨረሻው ጠይቆ የሰማ ግን ድርሻውን ከፍሎ በሰላም እንደሚተኛ ነው።